ሴት ልጄን የሴቶች ብቻ ትምህርት ቤት ላስገባት ወይስ ከወንዶች ጋር ትማር?

አባት ከገርጂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ 6ኛ ክፍል ናት። ያለችበት ትምህርት ቤት እዚያው ላይ ስለሚያበቃ ለ7ኛ የግድ መቀየር አለባት። ሁለት ምርጫ አለን። አንዱ የሴቶች ብቻ ነው፤ በስንት ደጅ ጥናት ቦታ አግኝተንላታል። ሌላው ለቤታችን ቅርብ ነው፤ ወንድና ሴት አብረው ይማሩበታል። ክፍያቸው ስለሚቀራረብ የብር ጉዳይ አይደለም።

ባለቤቴ የሴቶቹን ትፈልጋለች። ተማሪ እያለች ወንዶቹ ስለሚስቁባት እጇን ማውጣት ትታ እንደነበር ትነግረኛለች። ያ በልጇ እንዲደርስ አትፈልግም። እኔ ደግሞ ልጄ ከወንዶች ጋር ተከራክራና ተፎካክራ ብታድግ ይሻላል ባይ ነኝ። ነገ ዩኒቨርሲቲ ስትገባም ሥራ ስትይዝም አብራቸው መዋሏ አይቀርም።

ልጅቷ ሒሳብ ትወዳለች። ቤት ውስጥ ወሬዋ አያልቅም፤ ክፍል ውስጥ ግን ዝም ትላለች ይሉናል መምህሮቿ። 3ኛ ክፍል የሚማር ወንድምም አላት። ራሳችሁ የተማራችሁ ወይም ልጅ ያስተማራችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል። ምዝገባው ሊያልቅ ነው።

የድሮዋ ሞኒተር፦

ሰላም ወንድሜ። እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ከ1ኛ እስከ 12ኛ የሴቶች ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። ልጄንም የማስተምራት እንደዚያው ነው። ስለዚህ የማን ወገን እንደሆንኩ ከወዲሁ እወቀው።

በእኛ ክፍል ሞኒተሯ ሴት ናት። በፊዚክስ አንደኛ የምትወጣዋ ሴት ናት። ረብሻ ከክፍል የምትባረረዋም ሴት ናት። ባንዲራ የምትሰቅለዋ፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ የምታነበዋ፣ የቅርጫት ኳስ አምበሏ፣ ወንበር የምትሸከመዋ፣ ሁሉም ሴት ናት። "ይሄ የወንድ ሥራ ነው" የሚል ሰው በዙሪያችን አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ ስገባ ሴቶቹ በጣት የምንቆጠር ነበርን። ብዙዎቹ ወደ ኋላ ወንበር ሲሄዱ እኔ ፊት ተቀመጥኩ። ከልጅነቴ የለመድኩት እሱን ነው።

አባቶች የማታስቡት አንድ ነገር ደግሞ አለ። 7ኛ ክፍል ብዙ ሴት ልጆች የወር አበባ የሚያዩበት ዕድሜ ነው። እኛ ጋ ቀሚሷን ደም የነካባት ልጅ ከጓደኛዋ ሹራብ ወስዳ ወገቧ ላይ አስራ ትምህርቷን ትቀጥላለች። ያፈረችበትን፣ ከትምህርት ቤት የቀረችበትን ቀን አላስታውስም። የባለቤትህን ስጋት ቀላል አድርገህ አትየው።

ኮልፌ፦

ሹራብ የምታውስ ጓደኛ ወንዶች ያሉበትም ትምህርት ቤት አለች እኮ እህቴ። ዋናው ሽንት ቤቱ ውሃ አለው ወይ፣ በሩ ይዘጋል ወይ ነው። እኔ የተማርኩበት ውሃ ስላልነበረው እህቴ በየወሩ ትቀር ነበር።

የፊዚክስ መምህርት፦

አባት ከገርጂ፣ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። አብረው ሲማሩ የማየውን ልንገርዎት።

ላብራቶሪ ስንገባ በቡድን እመድባቸዋለሁ። ለአንድ ቡድን ያለው ዕቃ አንድ ነው። ወንዶቹ ሽቦውን፣ ባትሪውን፣ አምፖሉን ይይዛሉ። ሴቶቹ ደብተር ይዘው ውጤቱን ይመዘግባሉ፤ ጽሑፋቸው ያምራል ተብሎ። ማንም አላዘዛቸውም። መምህሩ ዝም ካለ በየሳምንቱ እንደዚያ ይሆናል። ሴቷ ሽቦ ሳትነካ ዓመቱ ያልቃል፤ ከዚያ ፈተናው ላይ ስለ ሰርኪዩት ትጠየቃለች።

ማስተካከል ይቻላል። እኔ የላቡን ቡድን ሴቶቹን ለብቻ፣ ወንዶቹን ለብቻ አደረግኩት። ክፍሉ ግን አንድ ነው። ዕቃ መያዝና መጻፍ በተራ ነው። ጥያቄ ስጠይቅም እጅ ያወጣውን ብቻ አልጠራም፤ ከስም ዝርዝር ላይ ነው የምጠራው። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ እነዚያ ዝምተኛ የነበሩት ልጆች "ቲቸር፣ ይሄ ልክ አይደለም" ሲሉኝ እሰማለሁ። ከዚህ የበለጠ የሚያስደስተኝ ነገር የለም። ነገር ግን ሁሉም መምህር እንዲህ አያደርግም። ለሴቶች ተብሎ የሚሰጠው ቱቶሪያልም ቢሆን አንዳንድ ቦታ በደንብ ይሠራል፣ አንዳንድ ቦታ ሪፖርት ላይ ብቻ ነው ያለው።

ቅርብ ያለውን ትምህርት ቤት ሲጎበኙ ቢሮ ገብተው ብቻ አይመለሱ። የላብ ሰዓት ጠይቀው ይግቡ። ዕቃውን የያዘው ማን እንደሆነ ይመልከቱ።

ስድስት ኪሎ፦

ታሪኩንም እናንሳው። እኛ አገር ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲጀመር ለወንዶች ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908፣ ተፈሪ መኮንን በ1925 እ.ኤ.አ. ሲከፈቱ የገቡት ወንዶች ናቸው። ለሴቶች እቴጌ መነን በስማቸው ያቋቋሙት ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ዳይሬክተር ሆነው መርተውታል። በ1957 እ.ኤ.አ. ምርጫ ተወዳድረው ፓርላማ የገቡት የመጀመሪያዋ ሴትም እሳቸው ናቸው። አብዮቱ ሲመጣ እቴጌ መነን "የካቲት 12" ተባለ፣ ወንዶችም ገቡ። ተፈሪ መኮንንም "እንጦጦ" ሆነ። ዛሬ በእቴጌዋ ስም የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ዳግም አለ። ከካቶሊኮቹ ደግሞ ናዝሬትና ናቲቪቲ በሴቶች፣ ቅዱስ ዮሴፍ በወንዶች ትምህርት ቤትነት ይታወቃሉ።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ያኔ ብዙ ቤተሰብ ሴት ልጁን ከወንድ ጋር አስቀምጦ ለማስተማር ፈቃደኛ አልነበረም። ለብቻ ባይከፈትላቸው ኖሮ ብዙዎቹ ቤት ይቀሩ ነበር። ገርጂ ላይ ዛሬ ያ ችግር የለም። የአቶ አባት ልጅ የትም ብትገባ ትማራለች። ስለዚህ "በጥንት ጊዜ እንዲህ ነበር" የሚለውን ትታችሁ የዛሬዎቹን ሁለት ትምህርት ቤቶች እዩ።

እታገኝ የልጅ ልጅ፦

አያቴ እቴጌ መነን አዳሪ ነበረች። አብረዋት የተማሩት ዛሬም ይጠያየቃሉ፤ ሐዘን ሲሆን ከዘመድ ቀድመው የሚመጡት እነሱ ናቸው። ይህንንም ከግምት አስገቡት።

አንባቢ፦

ጥናት ለሚፈልግ። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ትልቅ ሥራ አለ። ከ21 አገሮች የተሰበሰቡ 184 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቷል፤ ወደ 1.6 ሚሊዮን ተማሪዎች ተካተውበታል። በደፈናው ሲታይ በጾታ የተለዩት ትምህርት ቤቶች ትንሽ የሚበልጡ ይመስላል። የልጆቹ የኋላ ታሪክና የቤተሰባቸው ሁኔታ ሲታሰብ ግን ልዩነቱ ይጠፋል ማለት ይቻላል። ለምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። እንደ አባት ከገርጂ ደጅ ጠንቶ ቦታ የሚያገኝ ወላጅ ልጁን የትም ቢያስገባ ይከታተላል። ትምህርት ቤቶቹም ብዙ ጊዜ መርጠው ነው የሚቀበሉት።

በሌላ በኩል ደቡብ ኮሪያን እዩ። ሴኡል ውስጥ ተማሪዎች ለሁለተኛ ደረጃ ለረጅም ጊዜ የተመደቡት በዕጣ ነበር። ወላጅ አይመርጥም፣ ትምህርት ቤቱም አይመርጥም። ተመራማሪዎች በዚያ ላይ ተመሥርተው ሲያወዳድሩ በጾታ በተለየ ትምህርት ቤት የተማሩት የተሻለ የኮሌጅ መግቢያ ውጤት አምጥተው ተገኙ። ስለዚህ "ምንም ለውጥ የለውም" ብሎ መዝጋትም አይቻልም። አገሩ፣ መምህሩ፣ ልጁ ይለያያል።

የኛን አገር እንውሰድ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 ሆነ። በነዚያ ዓመታት ስማቸው በጥሩ ሲነሳ ከነበሩት መካከል ልጆችን ፈትነው የሚያስገቡ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አሉ። ወንድና ሴት አንድ ላይ የሚማሩባቸውም አሉባቸው። ጎበዝ ልጅ ተመርጦ ገብቶ፣ ጎበዝ መምህር ተመድቦለት፣ ማታ ማታ የሚያጠናበት ሰዓት ካለው ውጤቱን ያመጣው ጾታ ነው ማለት ይከብዳል።

ባለ ሱቅ ከመርካቶ፦

ሁላችሁም ስለ ውጤት ነው የምታወሩት። እኔ ሦስት ሴት ልጆች አሉኝ። በሃይማኖቴም፣ በአስተዳደጌም ከፍ ሲሉ ለብቻቸው ቢማሩ ነው የምመርጠው። 7ኛ ክፍል ሲደርሱ ደብዳቤው፣ ቴሌግራሙ፣ "ጓደኛዬ ነው" የሚባለው ይጀምራል። ወንድሜ፣ የእናቷን ቃል ስማ። እናት የምታውቀው አለ።

የድሮዋ ሞኒተር፦

ጋሼ፣ ፍላጎትዎን አከብራለሁ። ግን በዚህ ብቻ አይረጋጉ። 9 ሰዓት ተኩል ላይ የሴቶች ትምህርት ቤት በር ይሂዱ። ተደግፈው የሚጠብቁትን ልጆች ያያሉ። እኛን የሚለክፉን ግቢ ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ነበር። ከበሩ እስከ ታክሲ ያለውን መንገድ ማን ይጠብቀዋል? ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰው ያቆማል ወይ? ይህን ጠይቀው ይመዝግቡ።

አማካሪ ነኝ፦

የድሮዋ ሞኒተር ያነሳችው ትልቅ ነገር ነው፤ ልጨምርበት። በትምህርት ቤት አማካሪነት ስሠራ የሚመጡልኝ ልጆች ችግር ከተቃራኒ ጾታ ብቻ የሚመጣ አይደለም። የወንዶች ብቻ በሆነ ቦታ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ይደበድባሉ፤ ከዚያም የባሰ ይደርሳል። ወንድ ልጅ "ተጠቃሁ" ለማለት ያፍራል። የሴቶች ብቻ በሆነው ደግሞ ማግለል አለ። አንድ ቀን ማንም አያናግራትም። ከክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ አስወጥተዋት እሷን የሚያሙበት ሌላ ይከፍታሉ። ልጅቷ "ሆዴን አመመኝ" እያለች መቅረት ትጀምራለች፤ ወላጅ ደግሞ ወንድ ስለሌለ ምንም አይመጣም ብሎ ተዘናግቷል።

ስለዚህ ሁለቱም ጋ ይህን ጠይቁ፦ ልጄ አንድ ነገር ቢደርስባት ለማን ነው የምትናገረው? የሰውየውን ወይም የሴትየዋን ስም ይንገሯችሁ። ቢሮዋን ያሳዩአችሁ። "ለማንኛውም መምህር መናገር ትችላለች" ካሏችሁ የተመደበ ሰው የለም ማለት ነው።

ከሬሆቮት፦

ሰላም ከእስራኤል። እዚህ "ማምላኽቲ ዳቲ" የሚባለው የመንግሥት የሃይማኖት ትምህርት ቤት አለ። በብዙዎቹ ከፍ ያለ ክፍል ሲደርሱ ወንድና ሴት ይለያያሉ። የሴቶቹ ኡልፓና፣ የወንዶቹ የሺቫ ይባላል። በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያ የመጡት ልጆቻችን በብዛት ወደዚህ መስመር ነው የተላኩት፤ ብዙዎቹም አዳሪ ሆነው። እኔም አንዷ ነኝ። አባቴ ሩቅ ከተማ አዳሪ እንድሄድ የፈቀደው ወንድ የለም ስለተባለ ነው። ባይለዩን ኖሮ ከቤት አልወጣም ነበር። በዚህ አመሰግናለሁ።

የልጄ ተራ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር አየሁ። እዚህ ባግሩት በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ላይ ሒሳብ በ3፣ በ4 እና በ5 ዩኒት ይሰጣል። ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒዩተር ለሚያስብ 5ቱ በጣም ይጠቅማል። ቅርባችን ያለው ኡልፓና ትንሽ ስለሆነ በዚያ ዓመት ለ5 ዩኒት የሚበቃ ተማሪ የለም አሉን። ልጄ ሒሳብ ወዳድ ናት፣ ልክ እንደ አንተ ልጅ። ከወንዶች ጋር የሚማሩበት አስገባኋት። የወሰንኩት በሒሳቡ ነው።

አንተም ጠይቅ። የሴቶቹ ትምህርት ቤት 11ኛና 12ኛ ላይ ናቹራል ሳይንስ ስንት ክፍል አለው? ሒሳቡን የሚያስተምረው ማነው? ስንት ዓመት ቆይቷል? መምህር በየዓመቱ የሚለቅ ከሆነ ስም ብቻውን አያስተምርም።

ከጅዳ የተመለስን፦

ልጆቼ ሳውዲ ነው የጀመሩት። እነሱ በተማሩበት ጊዜ የሴትና የወንድ ትምህርት ቤት ለየብቻ ነበር፤ ምርጫም አልነበረንም። ወደ አገር ቤት ስንመለስ ልጄ 8ኛ ክፍል ገባች፣ ወንድና ሴት ያለበት። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። አጠገቧ ወንድ ስለተቀመጠ ምሳዋን ሳትበላ ትመለስ ነበር። መምህሯ ዘዴኛ ሴት ናት። ሳታስጨንቃት ሁለት ጎበዝ ሴቶች መሀል አስቀመጠቻት፣ ቀስ ብላ አለማመደቻት። አሁን ለክፍሏ የጥያቄና መልስ ውድድር ትወክላለች። ወንድሟ ግን ከእሷ ይልቅ ተቸግሮ ነበር። ሴት ልጅ ስታሸንፈው ይናደድ ነበር። እሱን ለማስተካከል የፈጀብን ጊዜ ይበልጣል።

የሦስት ወንዶች እናት፦

ከጅዳ የተመለስሽው እህቴ፣ ዋናውን ነገር ነካሽው! ሁልጊዜ ይህ ጥያቄ ሲነሳ ስለ ሴት ልጅ ብቻ ነው የሚወራው። እሷን የት እንሸሽጋት፣ እንዴት እንጠብቃት። የሚስቀው ወንድ ልጅ ማን አሳደገው? እኔ ነኝ፣ አንቺ ነሽ፣ አባት ከገርጂ ነው። የባለቤቱን እጅ ያስወረዷት ልጆች ወላጅ ነበራቸው። መምህርም ነበራቸው፤ ሲስቁ ዝም ያለ መምህር።

እኔ ወንዶቼን ሆን ብዬ ከሴቶች ጋር ነው የማስተምራቸው። ሴት ልጅ በሒሳብ ስትበልጣቸው ማየት አለባቸው። የቡድን ሥራ ላይ አለቃቸው ስትሆን መታዘዝ አለባቸው። ቤት መጥተው "ሴቷ አንደኛ ወጣች" ሲሉኝ "ጎበዝ ናት፤ እንዴት እንደምታጠና ጠይቃት" እላቸዋለሁ። አባት ከገርጂ፣ ለ3ኛ ክፍሉ ልጅህ መልሱ ይህ ነው። እሱን ወንዶች ብቻ ያሉበት አታስገባው።

የወንዶች ትምህርት ቤት ልጅ፦

እህቴ፣ አብዛኛውን እቀበላለሁ፤ የመጨረሻውን ግን አይደለም። እኔ የወንዶች ብቻ ነው የተማርኩት። ሥነ ሥርዓቱ ጥብቅ ነበር፣ መምህሮቻችን ይወዱን ነበር። ደግሞም ግጥም መጻፍ፣ መዘምራን ውስጥ መግባት፣ ማልቀስ እንኳ ቀላል ነበር፤ ለሴት ለመታየት የሚፎክር የለም። የጎደለኝ ነገር የመጣው ዩኒቨርሲቲ ነው። ከሴቶች ጋር የቡድን ሥራ ሲሰጠን ጭራሽ ዝም እል ነበር። እህቶች ስለነበሩኝ ቶሎ አለፈልኝ። እህት የሌላቸው ጓደኞቼ ግን ሴትን ወይ ያመልኳት ነበር ወይ ይንቋት ነበር፤ እንደ ሰው ማውራት ዘግይቶ ነው የመጣላቸው። የአባት ከገርጂ ልጅ እህት አለው። ስለዚህ ለሁሉም ወንድ ልጅ አንድ ዓይነት መልስ አንስጥ።

ተማሪ ነኝ፦

እኔ 12ኛ ክፍል ነኝ። እስከ 8ኛ የሴቶች ተምሬ 9ኛ ላይ ወንዶች ወዳሉበት ተቀየርኩ። ለኔ ይሄ ቅደም ተከተል በጣም ጠቀመኝ። በ12 እና በ13 ዓመቴ ስለ ሰውነቴ አፍር ነበር፤ ያኔ ከሴቶች ጋር ብቻ መሆኔ አረጋጋኝ። 9ኛ ስገባ በራሴ እተማመን ነበር። ወንዶቹ ሲስቁ መልሼ እስቅባቸው ነበር። የክፍል ጓደኛዬ ግን በተቃራኒው ናት፤ ከልጅነቷ ከወንዶች ጋር ኳስ ስትጫወት ያደገች ናት። የሴቶች ብቻ ቢያስገቧት ታብድ ነበር።

ጋሼ፣ እዚህ ያልተጻፈ አንድ ነገር አለ። ልጅዎት ምን አለች?

አባት ከገርጂ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ በአንድ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አነበብነው። የሦስት ወንዶች እናት የጻፈችው ላይ ስትደርስ ባለቤቴ አለቀሰች።

ልጃችንን ጠየቅናት። መጀመሪያ "እናንተ የመረጣችሁት" አለችን። ሁለቱንም ካየሁ በኋላ ልንገራችሁ አለች። ይዘናት ሄድን።

ቅርቡ ትምህርት ቤት ስንሄድ መምህርቷ እንደመከረችኝ ላብ ጠየቅኩ። ላቡ አለ፣ ያምራል፣ ግን ተቆልፎ ነበር። ቁልፉን የያዘው ሰው እስኪመጣ ጠበቅን። ዕቃዎቹ ከነካርቶናቸው ናቸው። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውሃም አለው። አማካሪ ማነው ስል ስም አልነገሩኝም። የሴቶቹ ጋ ላቡ ትንሽ ነው፣ ጠረጴዛው ያረጀ ነው፤ ተማሪዎቹ ግን ሥራ ላይ ነበሩ። አንዷ ልጅ ካፖርቷ ላይ አሲድ አፍስሳ ስትቆጣ አየን። የሒሳብ መምህሩ እዚያ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ነው። ናቹራል ሳይንስ 12ኛ ድረስ አለ። አማካሪዋን በስሟ ጠርተው አገናኙን። በሩ ላይ ስላለው ጉዳይ ስጠይቅ ግን መልሳቸው ድፍንፍን ያለ ነበር፤ ዘበኛ አለ ከማለት አላለፉም።

ልጄ ስንወጣ "ካፖርት የቆሸሸባት ልጅ ጋ ነው የምገባው" አለች። እኔም ተስማምቻለሁ። 9ኛ ላይ እንደ ተማሪዋ መቀየር ከፈለገች እንደገና እናወራለን ብያታለሁ። ወንድሟ እህቱ ባትኖርም ባለበት ይቀጥላል፤ እዚያ ሴቶቹም ወንዶቹም አሉ።

አሁን የቀረኝ መንገዱ ነው። እሷን ጠዋት ለማድረስ ሩቅ ነው፣ እሱ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ነው። ከገርጂ ወደዚያ የሚሄድ ሰርቪስ የምታውቁ አላችሁ? የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ በእኛ ሰፈር አያልፍም።

የድሮዋ ሞኒተር፦

እንኳን ደስ አላችሁ። ሰርቪሱን ብቻህን አትፈልግ። የመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ላይ ተነስና ከገርጂ፣ ከጃክሮስ፣ ከሰሚት የሚመጡ ወላጆች እጅ እንዲያወጡ ጠይቅ። አምስት ስድስት ልጅ ከተገኘ አንድ ሚኒባስ ይዛችሁ ወጪውን ትካፈላላችሁ፤ እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው። ሹፌሩን ከመያዛችሁ በፊት መንጃ ፈቃዱንና መታወቂያውን ኮፒ አድርጉ። መኪናው ውስጥ ከልጆቹ ጋር የምትሄድ አንዲት ትልቅ ሴትም ክፈሉ። በሩን በተመለከተ ደግሞ ብቻህን አትጠይቅ፤ ወላጅ ሰብስበህ በደብዳቤ አስገባ።

ባለ ሱቅ ከመርካቶ፦

ለደብዳቤው ፊርማ ከፈለጋችሁ እኔም አለሁ። ትንሿ ልጄ ለዚያው ትምህርት ቤት ተመዝግባለች።